ሙቀጫው፦ የአንድ አጭር አስፈሪ ፊልም የሥራ ማስታወሻ፣ ከደብረ ማርቆስ

መስከረም፣ የመስቀል ሰሞን

ሰርግ እስኪገባ ድረስ ካሜራችን ሥራ ፈት ነው። ጥር ከገባ ቅዳሜና እሑድ እረፍት የለም፤ አሁን ግን ወደ ሱቁ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ የሚነሣ ተማሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በወሬ ብቻ የቆየውን ነገር ልንጀምረው ነው፦ አንድ አጭር አስፈሪ ፊልም፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ተዋናይት። ዩቲዩብ ላይ ጭነን ላይክ ልንቆጥር አይደለም። ገንዘብ ላለው ሰው አሳይተን ረጅሙን ልንሠራ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ከተማ ሆኖ ሰርግ እየቀረጸ ፊልም የሚመኝ ሰው ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው። ከሥራው እኩል እየሄደ የሚጻፍ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ።

ያው ሰሞን፣ ማታ ማታ

ከካሜራማኑ ጓደኛዬ ጋር፣ መጀመሪያ በአጭሩ ተሠርተው በኋላ ረጅም የወጣላቸውን አስፈሪ ፊልሞች እየፈለግን እያየን ነው። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ የተሻገረው ምንድን ነው? ታሪኩ? ተዋናዩ? ወይስ ሌላ?

የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የሳም ሬይሚን አስቀድመን አየን። እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሚሺጋን ውስጥ ሱፐር 8 በሚባለው ትንሽ የቤት ፊልም ካሜራ «ዊዝን ዘ ዉድስ» የሚባል ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆን ፊልም ሠራ። የፈጀበት 1,600 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ፊልሙን ይዘው የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ ሳይሉ በር እያንኳኩ ገንዘብ ለመኑበት። በለመኑት ገንዘብ የተሠራው «ዘ ኢቭል ዴድ» ቴኔሲ ውስጥ፣ ሞሪስታውን አጠገብ ባለ የጫካ ቤት በ16 ሚሊ ሜትር ተቀርጾ በ1981 ዲትሮይት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

የሚገርመው ታሪኩ እንዳለ አለመዝለቁ ነው። በአጭሩ ላይ መንፈስ የሚገባበት ተዋናዩ ብሩስ ካምቤል ነው፤ የምትታገለው ኤለን ሳንድዋይስ ናት። በረጅሙ ላይ ተገለበጠ፤ እሷ ቀድማ ትያዛለች፣ እሱ ታጋይ ይሆናል። ሳይነካ የተሻገረው የካሜራው አካሄድ ነው። ክፉው መንፈስ መልክ የለውም፤ ካሜራው ራሱ መንፈሱን ሆኖ በዛፍ መሐል እየተምዘገዘገ ሰው ላይ ይመጣል። ለጭራቅ ልብስ ገንዘብ የሌለው ሰው ጭራቁን ጨርሶ ባለማሳየት ተገላገለ። በረጅሙ ፊልም ጊዜም ካሜራውን ጣውላ ላይ አሥረው፣ ጣውላውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይሮጥ ነበር።

ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ ደግሞ በ2013 በገዛ አፓርታማው፣ ሚስቱን ሎታ ሎስተንን አቁሞ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ «ላይትስ አውት» ሠራ። መብራት ሲጠፋ የሰው ጥላ አለ፤ ሲበራ የለም። በቃ። ከማብሪያ ማጥፊያ ሌላ ዕቃ የለበትም ማለት ይቻላል። በ2016 ጀምስ ዋን ፕሮዲውስ አድርጎት ራሱ ሳንድበርግ ረጅሙን ሠራ፤ አምስት ሚሊዮን ዶላር በማይሞላ ወጪ ወደ 148 ሚሊዮን አስገባ። ታሪኩ ተጨምሮበታል፣ ቤተሰብ ተጨምሮበታል፤ የተሸጠው ግን ያው ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

የጀምስ ዋን የራሱ አመጣጥም ከዚህ አይርቅም። እሱና ሊ ዋኔል አውስትራሊያ ሳሉ የ«ሶው»ን ረጅም ስክሪፕት ጽፈው ጨርሰዋል፤ ማንም ስለማያውቃቸው ግን ከውስጡ አንዲት ትዕይንት መርጠው በ2003 በአጭሩ ቀረጹ። መንጋጋው ላይ ብረት የተገጠመለት ሰውዬ ዋኔል ራሱ ነው። ረጅሙ በ18 ቀን ተቀርጾ በ2004 ሲወጣ ብረቱ ወደ ሻውኒ ስሚዝ መንጋጋ ተዛወረ። ተዋናዩ ተለወጠ፤ ብረቱ ቀረ።

አንዲ ሙሺዬቲ በ2008 የሠራው «ማማ»ም ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት ሕፃናት፣ አንድ ቤት፣ ያልተቆረጠ የሚመስል አንድ ረጅም ሾት። ዳይሬክተሩ ጊየርሞ ዴል ቶሮ አይቶት ረጅሙን አስደግፎ በ2013 አወጣለት። የጀኒፈር ኬንት «ሞንስተር» (2005) «ዘ ባባዱክ» (2014) እስኪሆን ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ እሱን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው፦ የሚሻገረው ታሪክ አይደለም፤ አንድ ብልሃት ነው። ያ ብልሃት ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ገንዘብ በማጣት የተወለደ ነው። ስለዚህ የኛ ሥራ ታሪክ መጻፍ ሳይሆን ያቺን አንዲት ነገር ማግኘት ነው።

ጥቅምት መባቻ

አስፈሪ ነገር ሲባል ሁሉም ሰው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቡዳ ነው። ጅብ፣ ቡዳ፣ ዛር፤ ጎጃም ተወልዶ ይህን ሳይሰማ ያደገ የለም። ጅቡ ደስ ይለኛል። ቡዳውን ግን ከጅምሩ ዘግቼዋለሁ። ቡዳ ተረት ብቻ ሆኖ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ስሙ የሚለጠፈው ሸክላ ሠሪው ላይ፣ ቀጥቃጩ ላይ፣ ሸማኔው ላይ ነው። ስሙ የተለጠፈበት ቤት ልጅ መዳር ይቸግረዋል። አምስት ደቂቃ ለማስፈራራት ብለን ሰው ቤት ላይ ድንጋይ አንወረውርም። ካሜራማኑ «ሰው የሚፈራው እኮ እሱን ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እሱን መፍራቱማ ነው ችግሩ።

ደብተራና መተትም ይቅር አልን። የቅኔ አገር ልጅ ሆኖ ደብተራን ዘወትር መተት ሠሪ አድርጎ መሳል ሰልችቶኛል።

ያቺን አንዲት ነገር ያገኘቻት ተዋናይቷ ናት። ከቴአትር ክበብ የመጣች ልጅ ናት፤ ሱቃችን ጓሮ ቡና እየተወቀጠ ስለ ታሪኩ ስንጨቃጨቅ ቆይታ፣ «እኔ ወቅጬ ካቆምኩ በኋላ አንድ ጊዜ ቢመታስ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ካሜራማኑ ስክሪብቶ ፈለገ።

ታሪኩ እንዲህ ሆነ። ማታ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። አንዲት ሴት ብቻዋን ቡና ትወቅጣለች። ታቆማለች። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ምት ይሰማል። ትጠብቃለች፤ ምንም የለም። እንደገና ትወቅጣለች፤ ታቆማለች፤ አሁን ሁለት ምት ይከተላል። ከዚያ ኩራዙን አንሥታ ወደዚያኛው ክፍል ትገባለች። እዚያ የምታየውን እስካሁን አልጨረስንም፤ ሰው ግን አይኖርም።

ሰው ብቻውን ይህን ያህል ቡና ለምን ይወቅጣል? ለነገ የእናቷ አርባ ነው። ይህን በንግግር አንናገርም። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳለች፤ የኛ ሰው ያን ካየ ሐዘንተኛ መሆኗን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ባዶ መደብ ላይ የታጠፈ የአሮጊት ጋቢ ይታያል። ይበቃል።

ጥቅምት፣ ገብርኤል ሰሞን

ቤት ፍለጋ። ከተማ ውስጥ እንደማይሆን ወዲያው ገባን። ደብረ ማርቆስ ላይ ከግድግዳ ወዲያ ሙቀጫ ቢመታ ጎረቤት ነው፤ የሚደነግጥ የለም። እንዲያውም «አንዴ ቡና እንጠጣ» ነው የሚባለው። ምቱ የሚያስፈራው ከግድግዳው ወዲያ ማንም እንደሌለ ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሾት ቤቱን ከሩቅ፣ ብቻውን፣ ሜዳ ላይ ማሳየት አለበት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ በሚያመራው ደጋ ላይ፣ የገብስ ማሳ ዳር አንድ ቤት አገኘን። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ መሐሉ በጭቃ የተከፈለ ሁለት ክፍል። ከኋላው ጥቂት ባሕር ዛፍ። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፤ የካሜራማኑ ዘመድ ስለሆኑ እሺ አሉን። ነገሩ ሙቀጫው ላይ ሲደርስ ግን ተለወጠ፤ መጨረሻ ላይ ሙቀጫው ውስጥ ደም የሚመስል ነገር እንዲታይ አስበን ነበር።

«የኔን ሙቀጫ ደም ልትቀቡት?»

«ደም አይደለም እማማ፣ ስኳር ነው።»

«ስኳርነቱን ማን ያውቃል? ያየ ሁሉ ደም ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት ቡና የሚጠጣልኝ አለ?»

«ሲያልቅ እናጥበዋለን።»

«ውኃ የሚያጥበው ሙቀጫውን ነው፤ ወሬውን በምን ታጥቡታላችሁ? ሌላ ገዝታችሁ ኑ።»

ገዝተን ሄድን። ከገበያ የመጣው የዋንዛ ሙቀጫ ነው፤ ገና ያልደረቀ፣ ነጣ ያለ። በጥላሸትና በኑግ ዘይት አሽተን አሮጌ አስመሰልነው። ድምፁ ግን አይሆንም፤ እርጥብ እንጨት ስለሆነ ምቱን ይውጠዋል። የእማማ ሙቀጫ ዓመታት ያደረቁት ነው፤ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ለጆሮ የሳቸው፣ ለዓይን አዲሱ። እሳቸውም በዚህ ተስማሙ።

ኅዳር መባቻ

ድምፅ። የዚህ ፊልም ሥራ ከግማሽ በላይ ይኸው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው በካሜራው የራሱ ማይክ ነው። የድምፁን ደረጃ ራሱ የሚያስተካክለው አውቶማቲክ ምቱ ሲመጣ ድምፁን ቁልቁል ይጫነዋል፣ ምቱ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ስለዚህ በምትና በምት መሐል ዝምታ መሆን የነበረበት ቦታ ሽሽሽ የሚል ነገር ይሞላዋል። ለሰርግ ማንም አይሰማውም፤ ከበሮ አለ። ለኛ ግን ፊልሙ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። አውቶማቲኩን ዘግተን፣ ደረጃውን በእጅ ዝቅ አድርገን፣ በገመድ ማይክ ወደ ስልክ ለብቻው ቀዳን። ማይኩ በታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጣል፤ መሬት ላይ ከሆነ የምቱን ንዝረት ከወለሉ ይስበዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ከማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ቤት ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ራሱ መጣ፦ መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል። በሌላ ሥራ መብራት ሲጠፋ እንራገማለን፤ እዚህ ግን ወፍጮው ጸጥ ሲል ሁላችንም ተነሥተን ወደ ሙቀጫው ነው የምንሮጠው። ቀረጻውም ኩራዝ እንጂ መብራት አይፈልግም። የኛ የድምፅ ስቱዲዮ ይህ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ምት በኮምፒውተር ለማራቅ ሞከርን። ድምፁን ብትቀንሰው ቀነሰ እንጂ አልራቀም። የእማማን ሙቀጫ ወስደን እውነተኛው ሌላኛው ክፍል ውስጥ አስመታን፣ ማይኩ እዚህኛው ክፍል ቀረ። ጭቃው ቀጭኑንና ስለታሙን ድምፅ ጠጥቶ ወፍራሙን ብቻ ያሳልፋል። ይህን የሚያህል ፊልተር አላየሁም፤ ግድግዳውን የሠራው ሰው ሳያውቀው የድምፅ ባለሙያ ሆኗል።

ከዚያ የጊዜው ጉዳይ አለ። ልጅቷ ስትወቅጥ በምትና በምት መሐል ሃያ ፍሬም ገደማ ነው (በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው የምንቀርጸው)። ካቆመች በኋላ የሚመጣውን ያን አንድ ምት ቀደም ብናደርገው የራሷ የገደል ማሚቶ ይመስላል። ብናዘገየው ሌላ ሰው ሥራ የጀመረ ይመስላል። በትክክል በሃያኛው ፍሬም ላይ ሲወድቅ፣ እሷ ባታቆም ኖሮ ምቷ ሊወድቅበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ያኔ ነው የሚያስደነግጠው። እጇ ቆሟል፣ ምቱ አልቆመም። ካሜራማኑ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ የቀዳነው እኛ መሆናችንን እያወቀ።

ኅዳር፣ ጾሙ ከገባ በኋላ

ደም። ሬይሚና ጓደኞቹ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ቡና የሚያነጣ የክሬም ዱቄት ነበር የሚቀላቅሉት፤ ዱቄቱ ብርሃን እንዳያሳልፍ ያደርገዋል። ከነሱ በፊት ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ሲሠራ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቸኮሌት ሽሮፕ በቅቶታል።

እዚህ የበቆሎ ሽሮፕ የለም። ስኳር በጥቂት ውኃ ረጅም ጊዜ አፍልተን እስኪያጣብቅ አወፈርነው። የክሬሙ ዱቄትም የለም፤ የሚገኘው የዱቄት ወተት ነው። ወተት ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ተዋናይቷ ጣቷን ነክራ ወደ አፍንጫዋ የምታስጠጋበት ሾት አለ፤ «ከንፈሬን ቢነካኝስ?» አለች፤ ክርክር የለውም። በወተቱ ፋንታ ቀጠን ያለ የስንዴ ሙቅ ጨመርንበት። ቀይ የምግብ ቀለሙ ብቻውን የልጆች ከረሜላ ያስመስለዋል፤ ከጀበናው ጥቁር ቡና ጠብ ጠብ ሲደረግበት ወደ ደም ተጠጋ። ቀይ ሥርም ሞክረን ነበር፤ ወደ ወይን ጠጅ ይሸሻል፣ ሲደርቅም ቡናማ ይሆናል።

ሥራውን ያበላሸብን ንብ ነው። ያ ሁሉ ስኳር ሜዳ ላይ ክፍት ሆኖ! ከቤት ውጭ ያስቀመጥነውን ሰሐን ንብ ወረረው። ከዚያ ወዲህ በክዳን ይያዛል።

ኅዳር መጨረሻ

ቀረጻ። ማታ ሜዳ ላይ መቆየት ስለማይመች ሌሊቱን በቀን ነው የምንሠራው። መስኮቱንና በሩን በብርድ ልብስ፣ በላዩ በማዳበሪያ ከረጢት ዘጋን። ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ግን ብርሃን ይሾልካል። ለመድፈን ብዙ ከታገልን በኋላ ተውነው፤ የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) 3200 ላይ ስናደርገው ያ የቀን ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ጨረቃ መሰለ። ከፍለን የማናገኘውን ጨረቃ ቆርቆሮው ሰጠን።

የኩራዙ ብርሃን ለዓይን ያምራል፣ ለካሜራ ግን አይበቃም። 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ 1.8 ላይ ከፍተን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 1600 ላይ ተውነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ጥቁሩ ሁሉ በነጠብጣብ ይንጫጫል። የጎደለውን ለመሙላት በቻርጅ የሚሠራ አምፖል ከኩራዙ ጀርባ፣ ከፍሬም ውጭ ደበቅን፤ ፊቱን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን በተቆረጠ ፕላስቲክ ሸፈንነው። ፕላስቲኩ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ያሞቀዋልም። አንድ ልጅ እጁን ከፊቱ በቀስታ ያወዛውዛል፤ እሳት ይመስላል። ከመንገድ መብራት ወይም ከቤት አምፖል ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ አድርጉት፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ላይ ፍሬሙ ላይ ጥላ ይመላለሳል።

እማማ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። ልጅቷ ስትወቅጥ አንዴ አቋረጧት፦ «አያያዝሽ የከተማ ነው፤ ዘነዘናውን አታንቂው፣ ይውደቅ በይው።» አያያዟን ስትለውጥ ምቱም ተለወጠ፤ ክብደት አገኘ። ድምፁን እንደገና ቀዳን።

ታኅሣሥ፣ አጨዳው ሲያልቅ

ማሳው ባዶ ሆኗል። የጣውላውን ነገር ሳንሞክረው ማለፍ አልቻልንም። ስልክ በካላማዳሪ ቁራጭ ረጅም ጣውላ መሐል ላይ አሠርን፤ ሁለት ጎረምሶች ጫፍና ጫፍ ይዘው ወደ ቤቱ ሮጡ፤ ካሜራው ከቃርሚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ይበራል። ይሠራል! ጣውላው ረጅም ስለሆነ የእጃቸው መንቀጥቀጥ መሐሉ ላይ ሲደርስ ይለዝባል፤ ሰፊው ሌንስ ደግሞ የቀረውን ይደብቃል። ልጆቹ ወደውት «አንዴ ደግሞ» እያሉ አስቸገሩን።

ኤዲት ስናደርግ ግን አወጣሁት። ካሜራማኑ አኩርፏል። ሾቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከፊልሙ ሁሉ ያማረ እሱ ነው። የኛ ፍርሃት ግን አይሮጥም፤ ተቀምጦ ይወቅጣል። ከሜዳ እየሮጠ የሚመጣ ነገር ካለ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ያንሳል። የሬይሚን ብልሃት ወስደን የራሳችንን የምናዳክምበት ምክንያት የለም። ለረጅሙ ይቀመጥ፤ እዚያ ጅቡ ይመጣ ይሆናል።

ታኅሣሥ፣ ገብርኤል ሰሞን

መጨረሻው ተገኘ። ልጅቷ ወደዚያኛው ክፍል ትገባለች፤ ሙቀጫው አለ፤ ዘነዘናው ውስጡ ቆሟል። ጎንበስ ብላ ኩራዙን ታስጠጋለች። ደሙ አለ፣ ግን የምናየው ጫፉን ብቻ ነው። ከዚያ ፍሬሙ ጥቁር ይሆናል፤ አሁን ምቱ የሚመጣው ከወጣችበት ክፍል ነው። የራሷ ሙቀጫ። ድምፁም ጭቃ ያልወጠው፣ ጥርት ያለው ነው፤ ያን ዓይነት ድምፅ ተመልካቹ እስካሁን የሰማው ከእጇ ብቻ ስለሆነ ሳይነገረው ቦታውን ይለየዋል።

ለጥቂት ሰው አሳየን። ወጣቶቹ ሲጀምር ሳቁ፤ ከሁለተኛው ምት በኋላ ዝም አሉ። አንዲት ጎረቤታችን የመጀመሪያው ምት ላይ አማትበው፣ ሲያልቅ «እናቷ ናት፤ ለተዝካሯ ልታግዛት ነው የመጣች» አሉ። እንደሳቸው ፊልሙ የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚያሳዝን ነው። ይህን አስቤበት አላውቅም፤ አሁን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ጥር፣ ከገና ወዲህ

የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። የወንድማቸውን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን። ሚስማርና ቆርቆሮ እየተሸጠ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ቆመው አዩት። ሲያልቅ ማዳመጫውን ሳያወልቁ «ማነው የወቀጠው?» አሉ።

«እሱን ረጅሙ ላይ ነው የሚያዩት፣ ጋሼ።»

«ብልጥ ነህ። ስንት ይፈጃል?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚታይ፣ ገንዘቡ በምን እንደሚመለስ ጠየቁ፤ ነጋዴ ናቸው። ያልተጋነነ መልስ ሰጠሁ፦ አንድ ቤት፣ አራት ተዋናይ፣ የኛው ካሜራ፤ ወጪው ምግብ፣ መጓጓዣና የድምፅ ዕቃ ነው። «ስክሪፕቱን አምጣና ለሚስቴ አነብላታለሁ፤ እሷ ከፈራች እገባበታለሁ» አሉ። ሌላ ቃል አልሰጡም። ጄኔሬተራቸውን ግን ለቀረጻው ያለ ኪራይ እንደሚሰጡን ነገሩን። በሰርግ ፎቶ የተገኘ ዝምድና ቀላል ነገር አይደለም።

ጥር፣ ጥምቀት ሳምንት

ስክሪፕቱ ላይ ከካሜራማኑ ጋር እየተጋጨን ነው። እሱ የሚወቅጠው ማን እንደሆነ መነገር አለበት ይላል፤ ነጋዴውም የጠየቁት ይህንኑ ነው ብሎ። እኔ «ላይትስ አውት»ን አነሣሁበት። በአጭሩ ላይ ጥላው ስም የለውም። በረጅሙ ስም ተሰጠው፣ ሆስፒታል ተሰጠው፣ የልጅነት ታሪክ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ የምታዝንለትና የምታሸንፈው ሰው ሆነ እንጂ በሩ ጫፍ ላይ የቆመው ያ ነገር መሆኑ ቀረ። ካሜራማኑ «ታዲያ 148 ሚሊዮን ያስገባው ያ አይደል?» አለኝ። መልስ የለኝም፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ለጊዜው የተስማማንበት ይህ ነው። ተመልካቹ እናቲቱን በሕይወት ሳሉ ያያቸዋል፤ ስትወቅጥ ልጃቸውን «ይውደቅ በይው» እያሉ ሲያርሟት ይሰማል። ከቀብሩ በፊት ከግድግዳው ወዲያ አንድም ምት አይኖርም። የጎረቤታችንን ትርጉም አንዲት ገጸ ባሕርይ ትናገረዋለች፤ ሌላዋ ታስተባብላለች፤ ፊልሙ ለማንኛቸውም አይፈርድም። የእናቲቱን ቦታ ለእማማ ልንሰጥ አስበን ጠየቅናቸው። «ሞቼ ልታሳዩኝ?» ብለው ከሳቁ በኋላ፣ ሬሳ ሆነው እንደማይተኙ፣ ከዚያ ሌላ ግን እሺ እንደሆነ ነገሩን። የቀብሩ ትዕይንት ሣጥኑ ተዘግቶ ይቀረጻል ማለት ነው።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ሰርግ አለ። ማይኩ ሰርጉ ላይ ያስፈልጋል፤ ከከበሮ የሚተርፍ ከሆነ ሰኞ ወደ ስክሪፕቱ እንመለሳለን።